እልህ የገዛው ካሜራ

ፒያሳ ላይ የሺዓለምን የሚያውቅ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ያስተማራት ፍቅር ነው ይላል። ተሰጥዖ ነው የሚልም አለ፤ «ዓይኗ ከልጅነቷም ልዩ ነበር» ይላችኋል፣ ያኔ መንገድ ላይ ቢያገኛት እንኳ የማያውቃት ሰው። ወሬ! ያስተማራት እልህ ነው። እልህ ባይይዛት ኖሮ የራሷን ፎቶ ቤት መክፈት በሕልሟም ባልመጣ ነበር። እስከ ዛሬ ተቀጥራ ትሠራበት በነበረው ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማ ቦምቦሊኖ በወረቀት ስትጠቀልል በኖረች።

የምትኖረው እሪ በከንቱ ነው፣ ከእናቷ ከወይዘሮ አስካለ ጋር። እሸቴ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ያ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚሸሽበት ክፉ ዘመን፣ ልጁ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ፀረ ሕዝብ ብለው ገደሉት። ሬሳውን አልሰጡም። ድንኳን መትከል ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል፣ ማልቀስ ክልክል ተባለ። ይታያችሁ እንግዲህ፤ የሰፈሩ ስም እሪ በከንቱ፣ እሪ ማለት ግን አይቻልም!

ቤቱን የፈተሸው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከተማ የሚባል ሰው ነበር። ግድግዳ ላይ ያለውን፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን የእሸቴን ፎቶ ሁሉ ሰብስቦ፣ «ጓደኞቹን ለይተንበት እንመልሳለን፣ እናቴ» አለና ይዞ ሄደ። እንመልሳለን! አራት ዓመት አለፈ፣ የመለሰው የለም። የተረፈችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፤ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሳት፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ። ወይዘሮ አስካለ ውዳሴ ማርያማቸው ውስጥ አድርገዋት ስለነበር ፈታሾቹ አላገኟትም።

ታዲያ ወይዘሮ አስካለ በየማለዳው ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ያቺን ፎቶ ይሳለማሉ። ልክ የቅዱሳንን ሥዕል እንደሚሳለሙት፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ደግሞ ግንባሩን። ሬሳውን ሳይስሙ የቀሩት እናት ስስታቸውን ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ አሳረፉት። ወረቀት ደግሞ እስከ መቼ ይችላል? መጀመሪያ ግንባሩ ላይ ነጣ አለ። ከዚያ ጉንጩ ተላጠ። አንድ ጠዋት የሺዓለም ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ ብታየው ግራ ዓይኑ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው።

«እማዬ፣ እየጠፋ እኮ ነው!» አለች።

«ማን?»

«እሸቴ ነዋ! ፊቱ እያለቀ ነው። በቃ አትሳሚው፣ እባክሽ።»

«ሬሳውን አልሳምኩ። ፎቶውንም አትሳሚ ልትይኝ ነው?» አሉና ፎቶዋን ተቀብለው መጽሐፉ ውስጥ ከተቷት።

የሺዓለም እናቷን ከመሳም ማስቆም እንደማትችል ገባት። ያለው መላ አንድ ነው፤ ፊቱ ሳያልቅ ፎቶውን አስቀድቶ በትልቁ ማሳጠብ።

ፎቶዋን ከመጀመሪያውም ያነሷት ጋሽ ፍቅሬ ናቸው፤ ፒያሳ ላይ እሳቸው ያላነሱት ሙሽራ የለም። የሺዓለም ሄዳ ስትነግራቸው መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እንዳንቺው አንዲት እናት መጥታ የልጇን ፎቶ ቀዳሁላትና ክረምቱን በእስር ከረምኩ። ሲፈቱኝ ከእንግዲህ የማንንም ፀረ ሕዝብ ፎቶ አልቀዳም ብዬ ፈርሜያለሁ። ተይው በቃ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝ ይሆናል፣ ጋሽ ፍቅሬ። ፎቶው ግን ነቅዟል!»

ሌሎቹም ፎቶ ቤቶች ጋ ሄደች። አንዱ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ» አላት። ሌላው ነገሩ ገና ሲገባው «እህቴ፣ አላየሁሽም፣ አላየሽኝም» ብሎ መጋረጃውን ዘጋ። ይሄኔ ደሟ ፈላ። ተመልሳ ጋሽ ፍቅሬ በር ላይ ቆመችና፣ «እንግዲያው እኔው አነሳዋለሁ!» አለች።

«በምንሽ?»

«በካሜራ ነዋ!»

ጋሽ ፍቅሬ ሳቁ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ግን ሳቁ። «ካሜራ ቦምቦሊኖ መሰለሽ እንዴ?» አሏት።

እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ያቺን ሳቅ ባይስቁ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወረድ አቶ ካሕሳይ የሚባሉ የአክሱም ሰው ሰዓት ይጠግኑ ነበር። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች የሚሸጡላቸውን አሮጌ ካሜራም መስኮታቸው ላይ ይደረድራሉ። የሺዓለም ገብታ «ካሜራ እፈልጋለሁ፣ ርካሹን» ስትል አቶ ካሕሳይ የሰዓት ማያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ነቀሉ።

«ምን ልታነሺበት ነው፣ ጓለይ?» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ በአገራቸው ቋንቋ።

«ሰው።»

«ሰው ቆሞ ነው? ተቀምጦ? ከሩቅ? ከቅርብ?»

«ዝም ብሎ ሰው!»

እንዴት ብላ ትንገራቸው? በዚያ ጊዜ የሟች ወንድሜን ፎቶ ብሎ ለማያውቁት ሰው መናገር ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። አቶ ካሕሳይም መልስ ሲያጡ አንዲት ስሜና የምትባል የሶቪየት ካሜራ አወጡላት። ቀላል ናት፣ ታምራለች፣ ዋጋዋም አይጎዳም። የሺዓለም ከገላዋ ጋር አጣብቃ፣ በነጠላ ሸፍና ይዛት ሄደች። እናቷ ቅዳሴ በሄዱበት ፎቶዋን ከመጽሐፉ አውጥታ፣ ካሜራዋን እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ተኮሰች፤ ደግማ ተኮሰች፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ተኮሰች።

ፊልሙን ጋሽ ፍቅሬ አጠቡላት። ሲያወጡት ግን ጉም ነው። ከዳር እስከ ዳር ጉም! ጋሽ ፍቅሬ ወደ መብራቱ ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። ጉሙ መሐል ፊት የሚመስል ነገር ነበረ። ምን እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል፤ አልጠየቁም።

«ይቺ ካሜራ ከአንድ ሜትር ወዲህ ዕውር ናት» ብቻ አሉ። «ደግሞ አንቺ የምታዪበት መስኮት ሌላ፣ እሷ የምታነሳበት ሌንስ ሌላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ የኔ ልጅ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። የሺዓለም ግን ወይ ፍንክች! አቶ ካሕሳይ ጋ ወረደችና ስሜናዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ከቅርብ ነው» አለቻቸው። «በጣም ከቅርብ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ነው።»

አቶ ካሕሳይ አዩዋት። በዚያን ጊዜ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ነገር በየቤቱ ተደብቆ እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። ማን እንደሆነ አልጠየቋትም።

«መጀመሪያ እንዲህ አትዪም?» አሉ። «ካሜራ በመልኩ አይመረጥም፣ በርካሽነቱም አይመረጥም። በሚነሳው ነገር ነው የሚመረጠው።» ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቁር ብረት ጎትተው አወጡ። ቆዳው ተልጧል፣ ጥጉ ተቀጥቅጧል፣ ክብደቱ የድንጋይ ነው። «ዜኒት ይባላል። የብርሃን መለኪያው ሞቷል፣ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ብርሃኑን በራስሽ ዓይን ትለኪያለሽ። ግን የምታዪው በራሱ በሌንሱ በኩል ስለሆነ ያየሽውን ያነሳልሻል። እነዚህን ቀለበቶች ደግሞ ከሌንሱ ኋላ ስታስገቢያቸው የዝንብ እግር ይቆጥራል።»

የሺዓለም በካሜራው አጮልቃ የተፈታታ የሴት ሰዓት አየች። ቁጥሮቹ ግጥም ብለው ሞሉት። የደቂቃው መርፌ ላይ ያለው ዝገት ሳይቀር ይታያል። ስሜናዋን መለሰች፣ የጎደለውን በጆሮ ወርቋ ሞላች።

ሰፈሩ ሰማ። «ወርቅ ሸጣ ብረት ገዛች!» ተባለ። ይበሉ! ችግሩ ሌላ ነበር፤ ዜኒቱ ተገኘ፣ ፊልም ግን ከገበያ ጠፋ። ሳሙና በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ፊልም ከየት ይመጣል? የሺዓለም በባዶ ካሜራ ተማረች። አቶ ካሕሳይ ፀሐይ ሲወጣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቢ፣ ሲደምን አስፊ ብለዋታል፤ እሷም ባንኮኒው ኋላ ሆና ማኪያቶ የሚጠጣውን ሁሉ ታነጣጥርበታለች። ቋ! ቋ! ታደርገዋለች። የአራዳ ልጆች «የሺ፣ ፊልም አለው?» ይሏታል።

«አንተን ለማንሳት ደግሞ ፊልም ይባክናል?» ትላቸዋለች።

ወሬው ሊቀመንበሩ ከተማ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም። አንድ ቀን ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን በወገቡ ይዞ ኬክ ቤቱ ገባ። ወንበር ላይ የነበረው ሁሉ ቡናውን ጨለጠ።

«ካሜራ ይዘሻል አሉ። ማን ፈቀደልሽ?»

ፈራች፤ አልዋሽም። ግን ይሄ ሰውዬ የእሸቴን ፎቶዎች በጨርቅ ቋጥሮ ሲወጣ ታወሳት፣ እልሁም መጣላት። ዜኒቱን አንስታ ብረቱ ላይ የተጻፈውን አሳየችው። «የሶቪየት ሥራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የወዳጅ አገር ዕቃ መያዝ ክልክል ሆነ እንዴ?»

ከተማ ክልክል ነው ቢል የሶቪየትን ዕቃ ነቀፈ ሊባል ነው፣ ሰው ደግሞ ሰምቷል። ካሜራውን እያገላበጠ ቆየና አንገትጌውን ነካ ነካ አደረገ። ለካ ሰውየው ፎቶ ይወዳል!

«ማንሳት ትችያለሽ?»

«ፊልም ቢኖር።»

«እንግዲያው የአብዮት በዓል ዕለት የቀበሌያችንን ሰልፍ ታነሺያለሽ። ለማስታወቂያ ሰሌዳው። ፊልሙን እኔ አመጣለሁ።»

አመጣም። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ፊልም። የሺዓለም በሁለት እጇ ስትቀበለው ሳቋን ለመያዝ ምላሷን ነከሰች። የወንድሟን ፎቶዎች የወሰደው ሰው ለወንድሟ ፊልም አመጣላት!

የበዓሉ ዕለት ሰልፉ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርድ እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች አነሳች። ከተማ ካሜራው በዞረበት ይዞራል። መፈክር ይዞ ይቆማል፣ እጁን ያነሳል፣ ደረቱን ይነፋል፤ «ይሄኛው ወጣ? አንዴ ድገሚው!» ይላል። ብዙውን ጊዜ ድገሚው ሲላት ባዶውን ቋ ታደርግለታለች፣ ፊልሙን ሳታዞር። የፊልሙን መጨረሻ ለእሸቴ ማስተረፍ አለባትና።

ቤት ስትገባ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከሁሉ ባሰ። በዚህኛው ጊዜ በስርቆት አላደርገውም ብላ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስካለ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«አልሰጥም። እነሱም እንመልሳለን ብለው ነው የወሰዱት።»

«እማዬ፣ እኔ እነሱን ነኝ? ከዚህ ክፍል አይወጣም። እፊትሽ ነው የማነሳው።»

«አልሰጥም አልኩ እኮ!»

«ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ይሄ ወረቀት ግን እየለቀቀው ነው። አንድ ዓይኑ ነው የቀረው። እሱንም ስመሽ ስትጨርሺው ምኑን ልታዪ ነው?»

ወይዘሮ አስካለ መጽሐፉን ገለጡና ፎቶዋን አወጡ። ለልጃቸው ግን አልሰጧትም፤ የት እንደሚያቆሟት ጠይቀው ራሳቸው በመስኮቱ ብርሃን ሳጥኑ ላይ አቆሟት። የሺዓለም ካሜራው እንዳይነቃነቅ ሙቀጫውን ደፍታ፣ በላዩ ጨርቅ አንጥፋ ዜኒቱን አስቀመጠችበት። ቀለበቶቹን አስገባች። አጮልቃ ስታይ እሸቴ ፊት ለፊቷ መጣ፤ በቀረችው ዓይኑ አያት። ትንፋሿን ያዘች፣ ተጫነችው። እናትየውም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

በማግስቱ ፊልሙን ለጋሽ ፍቅሬ ስትሰጣቸው የቀበሌው ሰልፍ ነው አለች፤ ውሸትም አይደለም። ጋሽ ፍቅሬ ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ሰልፈኛው ሁሉ ደህና ወጥቷል» አሉ። «አንዱ ግን ሰልፉ ላይ ያልነበረ ነው።»

የሺዓለም አንገቷን አልደፋችም። «አዎ። ይጮሁብኛል ወይስ ያጥቡልኛል?»

ጋሽ ፍቅሬ የበሩን መጋረጃ ዘጉ። ቀጥለው ያደረጉትን እዩልኝማ፤ ሁለት እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እኔ የፈረምኩት ፎቶ ላልቀዳ ነው። የቀዳሽው አንቺ ነሽ። የምታጥቢውም አንቺ ነሽ። እጄ ከኪሴ አይወጣም፤ ቢጠይቁሽ ትመሰክሪልኛለሽ። አፌ ግን አልፈረመም። ነይ ግቢ።»

በቀዩ መብራት ሥር፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ፣ አፋቸው እያዘዘ እሷ ሠራች። የማጉያውን መብራት አብሪው፣ አጥፊው፣ አሁን ወረቀቱን ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ክተቺው፣ ቀስ ብለሽ አወዛውዢው። ነጩ ወረቀት ላይ ፀጉሩ መጣ። ከዚያ ቀኝ ዓይኑ። ከዚያ ያ ሲስቅ የሚጣመም አፉ። በትልቁ! ግንባሩና ጉንጩ ላይ ግን የእናትየው ከንፈር የላጠው ነጭ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ እሱም አብሮ ተልቋል። የሺዓለም እዚያው ቆማ አለቀሰች።

«ይሄንን ነጩን በእርሳስ መሙላት ይቻላል» አሉ ጋሽ ፍቅሬ። «እርሳሱን ላሳይሽ።»

«አይነካ!» አለች። «እሱ የእማዬ ከንፈር ነው።»

በመስተዋት አስገጥማ፣ በነጠላ ጠቅልላ ወደ እሪ በከንቱ ወረደች። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ልደበቅ ብትል አመሻሽ ላይ መሄድ ትችል ነበር፣ አልፈለገችም። ቤት ገብታ፣ ድሮ የእሸቴ ፎቶ የነበረበት ምስማር ላይ ሰቀለችውና እናቷን ጠራች።

«ነይ እማዬ። አሁን እንደልብሽ ሳሚው። መስተዋት አለው፤ አያልቅም።»

ወይዘሮ አስካለ መጥተው ቆሙ። ግንባሩን ሳሙ። ጉንጩን ሳሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና፣ «በሩን ክፈቺው» አሉ።

«እማዬ…»

«ክፈቺው አልኩሽ! ወለል አድርገሽ!»

ከፈተችው። ወይዘሮ አስካለም አራት ዓመት በሆዳቸው ያፈኑትን ጩኸት ለቀቁት። «እሪሪሪ! ልጄን! እሸቴን!» ደረታቸውን እየደቁ ፎቶውን ጠሩት፣ በስሙ፣ በቁመቱ፣ በሳቁ። ከዚያ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ገባች። ቀጥላ ሌላዋ። ማንም አልጠራቸው፣ ማንም አላዘዛቸው። የራሳቸውን ሳያለቅሱ የቀሩ እናቶችም ነበሩባቸው፤ እነሱ የእሸቴን ስም እየጠሩ የየልጆቻቸውን አለቀሱ። ቤቱ ሞላ፣ ደጁ ሞላ።

ከተማ መጣ። እንዴት አይመጣ! ሰውን እየገፋ እስከ ደጃፉ ደረሰና፣ «ምንድን ነው ይሄ? ማን ፈቀደ?» ብሎ አምባረቀ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ የሺዓለም አየ።

የሺዓለም ዜኒቱን ከሳጥኑ ላይ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ደህና መጡ፣ ጓድ ሊቀመንበር! ይግቡ፣ ይግቡ። እዚህ እሸቴ ሥር ይቁሙልኝ፣ ከለቅስተኛው ጋር ላንሳዎት። ለማስታወቂያ ሰሌዳው ይሆናል!»

«አውርጂ!»

«ደረትዎን ነፋ ያድርጉት እንጂ፣ እንደ ሰልፉ ዕለት!»

«አውርጂ ብዬሻለሁ!»

ቋ!

ያ ፎቶ ወዳድ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በፀረ ሕዝብ ለቅሶ ላይ የተነሳ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን በፎቶ እየለየ ያስለቀመ እሱ ራሱ አይደል? ቋ! አለች ደግማ። ከተማ ፊቱን እንደሸፈነ ወደ ኋላው ሄደ፣ ደጃፍ ላይ የተደረደረው ጫማ አደናቅፎ ጣለው፣ ተነሥቶ ሄደ።

ወይዘሮ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አሁን የዚህንም ሰው ፎቶ በትልቁ ልታሳጥቢው ነው?» አሉ።

«የለም እማዬ። ፊልም የለውም፤ ባዶ ነው።»

እናትየው ካሜራውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እሸቴን አዩ። ከዚያ ሳቁ። እሸቴ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ለቅስተኛውም አብሮ ሳቀ። ሲበቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ለቅሷቸውን ቀጠሉ።